በታዳጊነቷ ጎልታ የነበረች ፈረንሳዊት ሪትሚክ ጂምናስት ከ16 ዓመቷ በኋላ ደረጃዋ ለምን ወረደ?

አባ ሪባን (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ፈረንሳይ ሲሆን፣ የ12 ዓመት ልጄ ላለፉት አምስት ዓመታት በምንኖርበት አካባቢ ባለ ክለብ ሪትሚክ ጂምናስቲክ ስትሠለጥን ቆይታለች። እኔ ስለዚህ ስፖርት የማውቀው ልጄን ሳመላልስ፣ በአዳራሹ ወንበር ላይ ተቀምጬ የቃረምኩትን ያህል ብቻ ነው። ልጄ ከሁሉ አብልጣ የምትከታተላት አንዲት ወጣት ፈረንሳዊት ተወዳዳሪ አለች። ገና በለጋ ዕድሜ ላይ ያለች ስለሆነችና የምንጽፈው ነገር ዞሮ ዞሮ ሊደርሳት ስለሚችል ስሟን ባልጠቅስ እመርጣለሁ።

ይህች ልጅ በታዳጊዎች ምድብ ሳለች በፈረንሳይ ሻምፒዮና ሜዳሊያ አግኝታለች፤ የብሔራዊ ቡድኑን መለያ ለብሳም ውጭ አገር ተወዳድራ በአንድ መሣሪያ (ትርዒቱ በእጅ ተይዞ ከሚሠራባቸው እንደ ኳስና ሪባን ካሉት በአንዱ) ለፍጻሜ ደርሳለች። 16 ዓመቷን ይዛ ወደ አዋቂዎች ምድብ ከተሻገረች ወዲህ ግን በዓለም ዋንጫ ውድድሮች የውጤት ሰንጠረዥ ላይ ስሟን የማገኘው ከ30ኛ ደረጃ በታች ነው። በጣም የሚያስገርመኝ ደግሞ በአገር ውስጥ ውድድር አሁንም ከፊተኞቹ አንዷ መሆኗ ነው። አንዱ ወላጅ «ልጅቱ አልቆላታል» ሲል ሌላው «ወደ ቡድን ትዛወራለች» ይላል፣ ማለትም ብቻዋን መወዳደር ትታ አምስት ሆነው በአንድነት ወደሚወዳደሩበት፤ ይህንንም የሚለው እንደ ቅጣት አድርጎ ነው። ልጄ ባለፈው ሳምንት የዚያን ቀን ውጤት አይታ «አባዬ፣ ደከመች ማለት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልስላት አጣሁ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። እንዲህ ያለው ማሽቆልቆል በዚህ ስፖርት የተለመደ ነው ወይስ በእርግጥ የመውደቅ ምልክት ነው? ደረጃውን ብቻ አይቶ የአንዲትን ጂምናስት አቅም መመዘን ይቻላልን? ከግል ወደ ቡድን መዛወርስ በፈረንሳይ እንደ ውርደት የሚቆጠር ነገር ነውን? ልምዱ ያላችሁ ሰዎች በዝርዝር ብትመልሱልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የወረቀት ዳኛ

እንደምን አሉ፣ አባ ሪባን። ለአሥር ዓመታት ያህል በክልል ደረጃ በዳኝነት ሠርቻለሁ፤ ትልቅ ዳኛ ነበርኩ ለማለት አይደለም፣ ነገር ግን የነጥብ ወረቀት ማንበብ እችላለሁ። ጥያቄዎን ሳነብ አስቀድሞ የታየኝ ነገር፣ ሁለት የተለያዩ ውድድሮችን እንደ አንድ አድርጎ የማነጻጸር ስሕተት ነው። የታዳጊዎች ምድብ የአዋቂዎች ምድብ አነስ ያለ ቅጂ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን ሌላ ነው።

በመጀመሪያ የመሣሪያውን ብዛት እንይ። አዋቂ ተወዳዳሪ በግል ስትወዳደር ቀለበት፣ ኳስ፣ ጥንድ ዘንግ (ክለብ የሚባለው) እና ሪባን፣ በድምሩ አራት ትርዒት ታቀርባለች፤ የአጠቃላይ ደረጃዋም የሚወጣው ከአራቱ ድምር ነው። በታዳጊዎች ዘንድ ግን ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። ለምሳሌ በ2019 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሞስኮ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የታዳጊዎች የዓለም ሻምፒዮና፣ የአራቱ መሣሪያ ድምር ውድድር ጭራሽ አልነበረም፤ አገሮች መሣሪያዎቹን ለልጆቻቸው ማከፋፈል ይችሉ ነበር። በዚያ ላይ ከመሣሪያዎቹ አንዱ ገመድ ነበር፤ ገመድ ደግሞ በአዋቂዎች የግል ውድድር ውስጥ ዛሬ ቦታ የለውም። እንግዲህ አንዲት ልጅ በሚስማማት መሣሪያ ብቻ ተመርጣ ለፍጻሜ ደርሳ ሊሆን ይችላል። አዋቂ ስትሆን ግን የማትወደውም መሣሪያ ይቆጠርባታል። ያቺ ልጅ ለፍጻሜ የደረሰችው በአንድ መሣሪያ ነው ብለዋል፤ ይህ ብዙ ይናገራል።

ሁለተኛው ጉዳይ የነጥቡ አሠራር ነው። የአንድ ትርዒት ውጤት ከሦስት ምንጭ ይመጣል፤ እነርሱም የአስቸጋሪነት ነጥብ፣ የጥበብ ነጥብ እና የአፈጻጸም ነጥብ ናቸው። ሁለቱ የኋለኞች እያንዳንዳቸው ከ10 ተነሥተው በስሕተት መጠን የሚቀነሱ ናቸው። የአስቸጋሪነት ነጥብ ግን ከታች ወደ ላይ የሚደመር ሲሆን፣ በዝላይ፣ በሚዛን፣ በሽክርክሪት፣ መሣሪያውን ወደ ላይ ወርውሮ ተገላብጦ በመያዝ እና በመሳሰለው ሁሉ ይከማቻል። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ የግል ፍጻሜ ጀርመናዊቷ ዳርያ ቫርፎሎሜቭ ወርቁን የወሰደችው በአራት መሣሪያ ድምር 142.850 ነጥብ ነው፤ ይህም በአማካይ ለአንድ መሣሪያ 35.7 ያህል ማለት ነው። አሁን አንዲት የ16 ዓመት ልጅ በአንድ መሣሪያ 28 ነጥብ አግኝታ እናስብ። ከዚህ ውስጥ ጥበቡ 7.8፣ አፈጻጸሙም 7.8 ቢሆን፣ አስቸጋሪነቱ 12.4 ነው። ይህች ልጅ ንጹሕ ሥራ ትሠራለች፤ የጎደላት የትርዒቱ ጭነት ነው፣ እርሱም በጊዜ የሚጨመር ነው። በተገላቢጦሹ አስቸጋሪነቱ ከፍ ብሎ አፈጻጸሙ 6 ላይ ቢወርድ፣ አሰልጣኟ ካቅሟ በላይ ጭናባታለች ማለት ይሆናል። ሁለቱም 28 ናቸው፤ ሰንጠረዡ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ነገር ግን የሁለቱ ልጆች መንገድ በፍጹም አንድ አይደለም። በግሌ ለመጀመሪያዪቱ ብዙ ተስፋ አለኝ፤ ሁለተኛዋን ሳይ ግን ጉዳት እንዳይደርስባት እፈራለሁ።

መሣሪያ መጣልም እንዲሁ በወጉ መታየት አለበት። መሣሪያውን ጥላ ሳትራመድ ካነሣችው 0.5፣ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ተራምዳ ካነሣችው 0.7፣ ከዚያ በላይ ከሄደች ወይም መሣሪያው ከምንጣፉ ከወጣ ደግሞ 1.0 ይቀነስባታል። ሰው ሁሉ የሚያየው ይህንን ነው። የማይታየው ግን በዚያች ቅጽበት ልትሠራው የነበረው እንቅስቃሴ ከአስቸጋሪነት ነጥቧ ላይ መሰረዙ ነው፤ ብዙ ጊዜ ትልቁ ኪሳራ እርሱ ነው። በአዋቂዎች ሰንጠረዥ መሐል ላይ፣ ማለትም ከ15ኛ እስከ 35ኛ ባለው ሥፍራ፣ ተወዳዳሪዎቹ በጣም ተጠጋግተው ስለሚሰለፉ፣ በአራት ትርዒት ውስጥ የሁለት ውድቀት ልዩነት አሥር ደረጃ ሊያንሸራትት ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ፍጻሜ እስራኤላዊቷ ሊኖይ አሽራም በመጨረሻው ትርዒቷ ሪባኗን ጥላ ሳለ በ107.800 ለ107.650 ወርቁን ወስዳለች፤ ከበስተጀርባዋ የተከማቸ ሀብት ስለነበራት መውደቁ አልገደላትም።

ስለዚህ የልጄ ጥያቄ ላሉት መልሴ ይህ ነው፦ ደረጃውን ይተዉትና ወረቀቱን ይክፈቱ። የሦስቱን ነጥቦች ዝርዝር ከአንድ የውድድር ዘመን መጀመሪያና መጨረሻ ወስደው ያነጻጽሩ። ድካም ካለ እዚያ ይታያል፤ እድገትም ካለ እንደዚሁ።

እመ ጂምናስት

የወረቀት ዳኛ የጻፉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱ የማያሳየው ነገር ስላለ እኔም ከእናት በኩል ያለውን ልጨምር። ልጄ ዛሬ 20 ዓመቷ ነው፤ ከውድድር ወጥታለች፤ እዚያው ፈረንሳይ ውስጥ ከክለብ ተነሥታ ፖል ኤስፑዋር በሚባለው የታዳጊዎች ማሠልጠኛ አልፋለች።

አንዲት ልጅ ከ14 እስከ 16 ዓመቷ ባለው ጊዜ ቁመቷ ይመዘዛል። በዚህ ስፖርት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአንድ እግር ጣት ላይ ቆማ የምትሽከረከረው ልጅ የሰውነቷ ሚዛን በየወሩ ይለወጥባታል። ቀድሞ በሁለት ግልባጭ የምትደርስበትን ኳስ አሁን እጇ ቀድሞት ያልፋል፤ ምክንያቱም ክንዷ ረዝሟል፣ ጊዜውን የምትለካበት ስሜት ግን ገና የድሮው ነው። ልጄ በዚያ ዘመን አንድ ዓመት ሙሉ ስትወድቅ ከርማለች። አልሰነፈችም፤ አሰልጣኟ እንዳለችው «አዲስ ቤት ገብታ የመብራቱን ቦታ በዳበሳ የምትፈልግ ሰው» ሆና ነበር። ያ ዓመት ደግሞ ልክ ወደ አዋቂዎች ምድብ ከምትሻገርበት ዓመት ጋር ይገጥማል። ሪባኑ እንኳ ይረዝማል፤ ለታዳጊ ቢያንስ 5 ሜትር የነበረው ለአዋቂ ቢያንስ 6 ሜትር ይሆናል።

ትምህርቱም አለ። በፈረንሳይ 15 ዓመት ገደማ የብሬቬ ፈተና፣ በ17 እና በ18 ደግሞ ባካሎሬያ አለ። በማሠልጠኛ ያሉት ልጆች የትምህርት ሰዓታቸው ተሸጋሽጎ ይሰጣቸዋል፤ አንዳንዶቹም ክኔድ በሚባለው የርቀት ትምህርት ይማራሉ። በቀን አምስት ሰዓት ተሠልጥኖ ማታ ሒሳብ መሥራት በወሬ ሲነገር ያምራል። ቤት ውስጥ ሲያዩት ግን እራት ላይ አንቀላፍታ ማንኪያ ከእጇ የሚወድቅባት ልጅ ናት።

አሁን ደግሞ በግልጽ መናገር ያለብኝ ጉዳይ አለ። ልጄ መጀመሪያ በነበረችበት ክለብ፣ ስሙን አልጠራም፣ ልጆቹን በየጠዋቱ ሚዛን ላይ እያወጡ ቁጥሩን በሁሉም ፊት የሚያነቡ አንዲት አሰልጣኝ ነበሩ። ልጄ የ13 ዓመት ልጅ ሆና ቁርስ መብላት አቆመች፤ እኔም «ስፖርቱ እንዲህ ነው» ብዬ ለወራት ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ከሚቆጨኝ ነገር አንዱ ይህ ነው። በመጨረሻ ክለብ ቀየርን፤ ከወር በኋላ መዝለሏ ተመለሰ። የአንዲት ጂምናስት ውጤት ድንገት ሲወርድ፣ ከጀርባው እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር እንደሚችል እያሰብን ካልሆነ በስተቀር «አልቆላታል» ማለት ጭካኔ ነው። ለማንኛውም ወላጅ የሚጠቅም ነገር ቢኖር፣ በፈረንሳይ የስፖርት ሚኒስቴር ሲኛል ስፖር የተባለ፣ በስፖርት ውስጥ የሚደርስ በደል የሚጠቆምበት ክፍል ከ2020 ጀምሮ አለ። እኔ በዚያ ጊዜ እንደዚህ ያለ በር መኖሩን አላውቅም ነበር።

ወደ ቡድን መዛወርን በተመለከተ፣ ልጄ በ17 ዓመቷ ተዛውራለች፤ በደስታ ነው የተዛወረችው። ይህንን ግን ለታሪክ አዋቂዎቹ ልተወው።

አባ ሪባን (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እመ ጂምናስት፣ የሚዛኑን ነገር አንብቤ ዛሬ ማታ ልጄን በዘዴ ጠየቅኋት፤ በእነርሱ ክለብ እንደዚያ ያለ ነገር እንደሌለ ነገረችኝ፤ እፎይ አልኩ። የወረቀት ዳኛ እንዳዘዙን ደግሞ የሁለት ውድድር ወረቀት አብረን ከፈትን። ጥበቡም አፈጻጸሙም በሁለቱ መካከል ከፍ ብሏል፤ አስቸጋሪነቱ ግን በቀለበትና በኳስ ጨምሮ በሪባን ወርዷል። ልጄ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ «የሪባኑ ብቻ ነዋ!» አለችኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ የሌላውን ጂምናስት ሁሉ ወረቀት እየከፈተች ትመረምራለች።

የቀረኝ የቡድኑ ጥያቄ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ፈረንሳዊት ሆና በግል በዓለም ደረጃ የተሳካላት አለች ወይስ ከመጀመሪያው የማይሆን ነገር ነው የምንመኘው?

የድሮ ምንጣፍ

አባ ሪባን፣ የመጨረሻውን ጥያቄዎን በታሪክ ልመልስ፤ የወጣቷን ልጅ ጉዞ ለመመዘን ከእርሷ በፊት ያለፉትን ማየት ስለሚጠቅም ነው።

ይህ ስፖርት ወደ ኦሎምፒክ የገባው በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ በግል ውድድር ሲሆን፣ የቡድን ውድድር የተጨመረው በ1996 አትላንታ ላይ ነው። በአትላንታ ፈረንሳይን በግል የወከለችው የ1978ቷ ተወላጅ ኤቫ ሴራኖ 6ኛ ሆነች፤ ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ በሲድኒ 5ኛ ሆና ጨረሰች። የሲድኒው ፍጻሜ ብዙዎች የሚያስታውሱት ሩሲያዊቷ አሊና ካባዬቫ ቀለበቷ አምልጧት ከምንጣፉ የወጣበት ቀን ሆኖ ነው፤ ለእኔ ግን የሴራኖ ቀን ነው። ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት አገሮች በመጡ ጂምናስቶች በተሞላ ሰንጠረዥ ውስጥ ከኒም የመጣች ፈረንሳዊት አምስተኛ ሆና መቆሟ ዛሬም ቢሆን የሚደነቅ ነገር ነው። ስለዚህ የማይሆን ነገር አይደለም፤ ግን ብርቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ጊዜ በአጭሩ ልለፈው። ከካሌ የመጣችው ዴልፊን ሌዱ፣ በ1986 የተወለደችው፣ የፈረንሳይ ሻምፒዮንነትን ለዓመታት ይዛ ቆይታ ኦሎምፒክ የደረሰችው በ2012 ለንደን ላይ፣ በ26 ዓመቷ ነው። ይህንን ልብ ይበሉት። ብዙ ሰው በዚህ ስፖርት 20 ዓመት እንደ እርጅና አድርጎ ይቆጥራል፤ ለዚህም ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም በዚያው በለንደን ወርቁን የወሰደችው ዬቭጌኒያ ካናዬቫ በ22 ዓመቷ ጡረታ ወጥታለች። ነገር ግን የስፔኗ አልሙዴና ሲድ ከ1996 እስከ 2008 በአራት ተከታታይ የኦሎምፒክ ፍጻሜዎች ላይ ቆማለች፤ የቡልጋሪያዋ ቦርያና ካሌይን በቶኪዮ 5ኛ ከሆነች በኋላ ተስፋ ሳትቆርጥ በፓሪስ በ23 ዓመቷ የብር ሜዳሊያ አግኝታለች። ስለዚህ ያቺ የምትከታተሏት ልጅ በ16 ወይም በ17 ዓመቷ 30ኛ መሆኗ የጉዞው መጀመሪያ ላይ ያለ ቁጥር ነው።

በሪዮ 2016 በሚንስክ የተወለደችው ክሴኒያ ሙስታፋዬቫ ለፈረንሳይ ተወዳደረች። በቶኪዮ ግን ፈረንሳይ በግልም በቡድንም አልነበረችም። ይህ ባዶነት ለፈረንሳይ ፌዴሬሽን ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ለመረዳት፣ ከቶኪዮ ቀጥሎ የሚመጣው ኦሎምፒክ በገዛ ዋና ከተማቸው የሚካሄድ መሆኑን ማስታወስ በቂ ነው። በፓሪስ 2024 ውድድሩ ሰሜን ፓሪስ፣ ፖርት ደ ላ ሻፔል በሚገኘው አዳራሽ ሲካሄድ ፈረንሳይን በግል የወከለችው ኤሌን ካርባኖቭ ነበረች። በግል የተወዳደሩት 24 ጂምናስቶች ብቻ ናቸው፤ ከአንድ አገር ከሁለት በላይ መግባት አይቻልም፤ ለፍጻሜ የሚያልፉትም 10 ብቻ ናቸው። ይህ በር ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለማወቅ፣ ከዓመቱ ምርጦች አንዷ የነበረችው ቡልጋሪያዊቷ ስቲሊያና ኒኮሎቫ እንኳ ከማጣሪያው ሳታልፍ እንደቀረች ያስቡ። 

እንግዲህ ወደ ቡድኑ። የፈረንሳይ ቡድን አምስት ልጆች ናቸው፤ መቀመጫቸው በቫንሴን ጫካ ውስጥ የሚገኘው ኢንሴፕ ነው። ኢንሴፕ ትምህርት ቤቱም መኝታውም ሕክምናውም ልምምዱም አንድ ግቢ ውስጥ ያለበት የአገሪቱ ከፍተኛ የስፖርት ተቋም ነው። በፓሪስ 14 ቡድኖች ተወዳድረው 8ቱ ለፍጻሜ ሲያልፉ ፈረንሳይ ከስምንቱ አንዷ ነበረች። አዳራሹ ውስጥ ያን ቀን የነበረውን ጩኸት በቴሌቪዥን የሰማ ሰው ቡድን መግባት ውርደት ነው የሚል አይመስለኝም። እንዲያውም እኔ እንደሚመስለኝ ለፈረንሳይ ቡድኑ ከግሉ ይልቅ የቀረበ የሜዳሊያ ተስፋ ነው፤ አገሪቱም ጉልበቷን በዚያው ላይ ብታፈስ አይፈረድባትም።

የወረቀት ዳኛ

የድሮ ምንጣፍ፣ ታሪኩን በሚገባ አስቀምጠውታል፤ በሁለት ነገር ግን አልስማማም።

አንደኛ፣ የሴራኖን 5ኛና 6ኛ ደረጃ ከዛሬዎቹ ልጆች ደረጃ ጋር ማስተያየት አደገኛ ነው። በእርሷ ዘመን አንድ ትርዒት ከፍተኛው ነጥብ 10 ነበር፤ አስቸጋሪነትም ጣሪያ ነበረው። ዛሬ ጣሪያው ስለተነሣ፣ ንጹሕና ውብ ሥራ ብቻ የያዘች ጂምናስት በዚያ ዘመን የምትደርስበት ቦታ ዛሬ አትደርስም። የፈረንሳይ የጂምናስቲክ ሥልጠና ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በዳንሱና በጥበቡ ነው የሚታወቀው። ዛሬ ተመዝኖ የሚጎድለው ግን ብዙ ጊዜ በየሰከንዱ የሚታሸገው የመሣሪያ ሥራ ነው። አንድ የግል ትርዒት ከ1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ብቻ ነው፤ በዚያ ውስጥ የሚጨመቀው ነገር ሙዚቃውን እስኪያስረሳ ድረስ ደርሶ ነበር። ለ2025 በወጣው አዲሱ የነጥብ ሕግ የሚፈቀደው የአስቸጋሪ እንቅስቃሴ ብዛት ተቀንሷል፤ ይህ ለፈረንሳውያን ልጆች የሚጠቅም ይመስለኛል። ያቺ ልጅ የተሻለ ጊዜ ላይ ነው የተወለደችው።

ሁለተኛ፣ ቡድኑ የተከበረ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን «ወደ ቡድን መዛወር» ሲባል በግል ያልቻለች ልጅ የምትጠጋበት መጠለያ አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው። የቡድን ትርዒት 2 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሲሆን፣ አምስት ሰዎች በአየር ላይ መሣሪያ ይለዋወጣሉ። የአንዷ የእጅ መዘግየት የአራቱን ልፋት ያበላሻል። በግል ግሩም የሆኑ ልጆች ይህንን መሸከም ሲያቅታቸው አይቻለሁ፤ ብቻዋን መሣሪያ ስትጥል ሳቅ ብላ የምታነሣ ልጅ፣ ጓደኞቿ ፊት ስትጥል ለሳምንት አትናገርም። ስለዚህ አባ ሪባን፣ ምርጫው የደረጃ ሳይሆን የጠባይ ነው።

እመ ጂምናስት

የጠባይ ነው ያሉት ልክ ነው። የእኔ ልጅ ብቻዋን ምንጣፍ ላይ ስትወጣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከአራት ሌሎች ጋር ስትወጣ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ወደ ቡድን እንድትዛወር የጠየቀችው ራሷ ናት፤ አሰልጣኟ ነች ለሁለት ወር ያመነታችው። ጉዳቱ ግን አልቀረም፤ ዳሌዋንና ወገቧን ዛሬም ያማታል፤ ለዚህም ነው በ19 ዓመቷ ያቆመችው።

አባ ሪባን፣ ከተቻለዎት ልጅዎን ይዘው ከፓሪስ በስተደቡብ ባለችው በትዬ ከተማ የሚካሄደውን ዓለም አቀፍ ውድድር ያሳይዋት። ብዙ ጊዜ በጸደይ ወቅት ነው። አዳራሹ ትንሽ ስለሆነ ተወዳዳሪዎቹ በቅርብ ይታያሉ፤ በቴሌቪዥን የማይሰማው የሪባኑ ድምፅ እንኳ ይሰማል። የምትወዳት ጂምናስት ባትኖርም ከእርሷ ጋር የሚፎካከሩት ምን ያህል እንደሆኑ በዓይኗ ታያለች።

አባ ሪባን (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ትዬን አላውቃትም ነበር፤ እንሄዳለን። ለመዝጋት አንዲት ጥያቄ ከልጄ አለችኝ፤ እርሷ ራሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያስጻፈችኝ ነው። «አንድ ሜትር ብቻ ከተጨመረ የሪባኑ ነጥብ ለምን ያን ያህል ይወርዳል?» ትላለች።

የወረቀት ዳኛ

ጎበዝ ልጅ ናት። እንዲህ ይበሏት፦ ሪባኑ ከመያዣ ዘንጉ እስከ ጫፉ ድረስ ሁልጊዜ ሥዕል መሥራት አለበት፤ ጠመዝማዛና እባብ የሚባሉት ቅርጾች እስከ መጨረሻው መድረስ አለባቸው። እጅ የሚሰጠው ጉልበት ወደ ጫፉ ሲሄድ እየሞተ ይመጣል። በ5 ሜትር የሚደርሰው ጉልበት በ6 ሜትር የመጨረሻዋን አንድ ሜትር ሳያነሣት ይቀራል፤ እርሷም ወለል ትነካለች፣ ወይም በሰውነት ላይ ትጠመጠማለች፣ አንዳንዴም ትቋጠራለች። ሪባኑ ከ35 ግራም ብዙም የማይበልጥ ቀላል ነገር ስለሆነ የአዳራሽ አየር ማቀዝቀዣ እንኳ ይገፋዋል። ቋጠሮ ከተፈጠረ ቆማ መፍታት አለባት፤ ሙዚቃው ግን አይጠብቃትም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ልትሠራቸው የነበሩት እንቅስቃሴዎች ሁሉ ይቀራሉ። በወረቀቱ ላይ ያያችሁት የአስቸጋሪነት መውረድ ምናልባት ከዚህ የመጣ ነው።

የታዳጊዎች ሕግ «ቢያንስ 5 ሜትር» ነው የሚለው። ስለዚህ ልጅዎ አሰልጣኟን ጠይቃ በልምምድ ጊዜ ብቻ፣ ሙዚቃ ሳይኖር፣ በሳምንት አንድ ቀን ባለ 6 ሜትሩን ይዛ ጠመዝማዛና እባብ ብትሠራ ምንም አይከለክላትም። ክንዷን ሳይሆን የእጅ አንጓዋን ትጠቀም፤ ትከሻዋ ከታመማት ወዲያው ታቁም።